ሉዊዚያናን ከፈረንሳይ ገዙ ይላል፤ ከዚያስ?

ፈተና ደረሰ፦

ሰላም ለዚህ ቤት። ለዜግነት ፈተና እያጠናሁ ነው። ጥያቄዎቹን በቃሌ ይዣቸዋለሁ፤ ችግሬ እሱ አይደለም። አንዱ ጥያቄ አሜሪካ በ1803 ከፈረንሳይ የገዛችው ግዛት ማን እንደሚባል ይጠይቃል። መልሱ ሉዊዚያና ነው። በቃ፣ ወደሚቀጥለው ይታለፋል። እኔ ግን እዚያው ቀረሁ። አገር የሚያህል መሬት እንዴት ይሸጣል? ፈረንሳይስ ምን ነክቷት ሸጠች? ደግሞ መጀመሪያ 13 ብቻ የነበሩት ስቴቶች እንዴት እንዲህ በዙ? የድሮዎቹ አዲስ መጪውን ዝም ብለው እኩል አደረጉት? እኔ ባደግኩበት ግቢ ቀድሞ የገባ ተከራይ ኋላ ለመጣው የልብስ ማስጫ ገመድ እንኳ አያካፍልም ነበር። የምታውቁ አስረዱኝ። ለፈተናው ሳይሆን ለራሴ ነው።

ባለ 18 ጎማ፦

ለምን ሸጠች ለሚለው መልሱ በአንድ ቃል ሃይቲ ነው። ምሁር አይደለሁም፤ ከባድ መኪና እየነዳሁ የታሪክ መጽሐፍ በጆሮዬ እሰማለሁ፣ ያ ነው ትምህርቴ።

ናፖሊዮን በአሜሪካ ምድር ትልቅ የፈረንሳይ ግዛት ሊያቆም አስቦ ነበር። ብሩ የሚመጣው ከሃይቲ ነው፤ ያኔ ሴን ዶሚንግ ይሏታል። ስኳርና ቡና። ሉዊዚያና ደግሞ የደሴቷ ጎተራ እንድትሆን ታስባ ነበር። ግን እዚያ ደሴት ላይ በባርነት የነበሩት ሰዎች ተነስተው ራሳቸውን ነፃ አውጥተዋል። ናፖሊዮን የእህቱን ባል ጄኔራል ለክሌርን ከ20 ሺህ በላይ ወታደር አስይዞ ላከ። ውጊያውና ቢጫ ወባው ተጋግዘው ጨረሱት። ለክሌርም ራሱ በ1802 መጨረሻ በዚያው በሽታ ሞተ። ደሴቷ ካልተመለሰች ጎተራው ምን ይሠራል? ከእንግሊዝ ጋር ሌላ ጦርነትም ደጅ ላይ ነበር። ብር ያስፈልገዋል። ሸጠው።

ገዢዎቹም ይህን ሁሉ እንገዛለን ብለው አልሄዱም። ፕሬዚዳንት ጀፈርሰን መልእክተኞቹን ሊቪንግስተንንና ሞንሮን ያዘዛቸው ኒው ኦርሊንስንና ፍሎሪዳን እንዲገዙ ነው፤ ጣሪያው 10 ሚሊዮን ዶላር። ኤፕሪል 1803 ላይ የፈረንሳዩ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ታሌይራን ሁሉንም ብንሰጣችሁስ ምን ትከፍላላችሁ ብሎ ሊቪንግስተንን አስደነገጠው። በ15 ሚሊዮን ተስማሙ። ወደ 828 ሺህ ካሬ ማይል ነው። ሲሰላ ለአንድ ኤከር 3 ሳንቲም አይሞላም። የሚያስቀው ደግሞ ብሩን ካበደሩት ባንኮች አንዱ የለንደኑ ባሪንግ ነው። ናፖሊዮን በእንግሊዝ ባንክ ብር እንግሊዝን ሊወጋ!

ፈተና ደረሰ፦

ወይ ጉድ። ሃይቲ በፈተናው መልስ ውስጥ የለችም። ግን ለምን ኒው ኦርሊንስ? አንዲት ከተማ ለ10 ሚሊዮን ዶላር?

ጡረተኛው መምህር፦

ልጄ፣ ካርታ አውጪና አፓላቺያን ተራሮችን ፈልጊ። ከተራራው ማዶ ያለ የኬንታኪ ገበሬ ዱቄቱን፣ ትንባሆውን፣ ውስኪውን በፈረስ ጭኖ ወደ ፊላደልፊያ ቢያሻግር የመጓጓዣው ወጪ ትርፉን ይበላዋል። ስለዚህ ጠፍጣፋ ጀልባ ይሠራል። በኦሃዮ ወንዝ፣ ከዚያም በሚሲሲፒ ቁልቁል ይለቀዋል። ኒው ኦርሊንስ ሲደርስ ዕቃውን ይሸጣል። ጀልባውንም አፈራርሶ ጣውላውን ይሸጠዋል። ከዚያ በእግሩ ወደ አገሩ። እንግዲህ የወንዙን አፍ የያዘ ሁሉ የዚያን ገበሬ ጉሮሮ ይዟል ማለት ነው። ስፔን በ1795 ውል ዕቃቸውን እዚያ እንዲያራግፉ ፈቅዳ ነበር። በኋላ ግዛቱን ለፈረንሳይ ልትመልስ ተስማማች፤ ገና ሳታስረክብ ግን በ1802 የስፔን ሹም በሩን ዘጋው። ምዕራቡ ነደደ። ጀፈርሰን የቸኮለው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄሽ፤ እኩል አደረጓቸው ወይ? የሚገርመው አዎ ነው። እንዲያውም ሉዊዚያና ከመገዛቷ በፊት ተወስኖ ያለቀ ጉዳይ ነው። (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ጁላይ 13 ቀን 1787 ኮንግረስ ከኦሃዮ ወንዝ በስተሰሜን ላለው አገር አንድ ድንጋጌ አወጣ። አካሄዱ ደረጃ በደረጃ ነው። መጀመሪያ ኮንግረስ ገዢ፣ ጸሐፊና ሦስት ዳኞች ይሾማል። ነፃ የሆኑ አዋቂ ወንዶች 5 ሺህ ሲሞሉ የራሳቸውን ምክር ቤት ይመርጣሉ። ነፃው ሕዝብ 60 ሺህ ሲደርስ ከነባሮቹ ጋር በሁሉም ነገር እኩል የሆነ ስቴት ሆነው ይገባሉ። ባርነት እዚያ እንዳይኖርም ከልክሏል፤ ያመለጠ ባሪያ ግን ለጌታው ይመለሳል ይላል።

ይህን ያደረጉት ደግ ስለሆኑ ብቻ አይደለም። እነሱ ራሳቸው ከጥቂት ዓመት በፊት ቅኝ ግዛት አንሆንም ብለው የተዋጉ ናቸው። ከተራራው ማዶ ያለውን ሰው ቅኝ ተገዛ ቢሉት ያው ነገር በእነሱ ላይ ይዞራል። ያኔ ደግሞ ስፔን ከደቡብ፣ እንግሊዝ ከሰሜን ሰውየውን እያባበሉት ነው።

ባለ 18 ጎማ፦

ጋሼ፣ ጄምስ ዊልኪንሰንን ረሱት! በ1787 ለስፔን ንጉሥ ቃል ገብቶ የስፔን ደመወዝተኛ የሆነ ኬንታኪ ያለ ነጋዴ። በሚስጥር ሪፖርቱ ላይ መለያው 13 ቁጥር ነበር። በኋላ ምን ሆነ? የአሜሪካ ጦር ከፍተኛው ጄኔራል። ሉዊዚያና ለአሜሪካ ስትተላለፍ ግዛቱን ለመረከብ ኒው ኦርሊንስ ከቆሙት አንዱ እሱ ነው። እኛ ጋ ቢሆን ስንት ዘመን ይወራ ነበር።

ቀያሹ፦

እኔ የመሬት ቀያሽ ነኝ፤ ስለዚህ ይፈቀድልኝ። ሁላችሁም ስለ 1787 ታወራላችሁ፤ እኔ 1785ን ነው የምወደው። በዚያ ዓመት የወጣው ሕግ መሬቱ ከመሸጡ በፊት ይለካ ይላል። ቀላል ነገር ይመስላል አይደል? ከዚያ በፊት በነቨርጂኒያ የመሬት ወሰን «ከትልቁ ዋርካ እስከ ወንዙ መታጠፊያ» ዓይነት ነበር። ዛፉ ሲወድቅ ክርክር፣ ወንዙ ሲዞር ክርክር። እኛ ቢሮ የሚመጡትን መዝገቦች ብታዩ ይገባችኋል።

አዲሱ ሕግ ግን አገሩን እንደ ቼዝ ሰሌዳ ከፈለው። ጎኑ 6 ማይል የሆነ አራት ማዕዘን፣ እሱ ደግሞ በ36 ይከፈላል። እያንዳንዱ ክፍል አንድ ካሬ ማይል ነው፣ 640 ኤከር፣ ወደ 259 ሄክታር። 16ኛዋ ክፍል ለትምህርት ቤት ትቀመጣለች። መለኪያው 66 ጫማ የሚረዝም ሰንሰለት ነው። 80 ሰንሰለት አንድ ማይል። 10 ካሬ ሰንሰለት አንድ ኤከር። ሒሳቡ እንዴት እንደሚገጥም እዩልኝ! ካሬ ሰንሰለቱን ለአሥር እያካፈልክ ኤከሩን ታገኛለህ። ይህን ያሰበው ሰው ነፍሱን ይማር።

ባለ 18 ጎማ፦

ለካ ለዚህ ነው! ኢንዲያናና ኢሊኖይ ስነዳ መንገዱ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ በየማይሉ ደግሞ መስቀለኛ። ኮረብታ ቢኖርም ባይኖርም። ኬንታኪ ስገባ ወዲያው መጠማዘዝ ይጀምራል። እኔ የመንገድ መሥሪያ ቤቱ ጉዳይ ይመስለኝ ነበር።

ተቃዋሚ በተፈጥሮዬ፦

ውይይቱ ደስ ይላል፤ ግን ሁለት ነገር ላንሳ።

አንደኛ፣ ጋሼ «ተወስኖ ያለቀ» ያሉት ትንሽ ለስለስ ይበል። በዚያው በ1787 ፊላደልፊያ ሕገ መንግሥቱ ሲረቀቅ ገቨርነር ሞሪስ የሚባለው ተወካይ ምዕራቡ እኩል እንዳይሆን ተከራክሯል። የጫካ ሰው ለመንግሥት ሥራ አይበቃም ባይ ነው። ረቂቁ ላይ አዲስ ስቴቶች በእኩል መብት ይገባሉ የሚል ሐረግ ነበር፤ በሱ ሐሳብ አቅራቢነት ተሰረዘ። የመጨረሻው ሕገ መንግሥት ኮንግረስ አዲስ ስቴት መቀበል ይችላል ብቻ ነው የሚለው። እኩልነቱ የጸናው በልማድ ነው። በ1811 ሉዊዚያና ስቴት ልትሆን ስትል እንኳ የማሳቹሴትሱ ጆሳያ ኩዊንሲ ይህ ከጸደቀ አንድነቱ ፈርሷል ብሎ ኮንግረስ ውስጥ ተናግሯል። አንቺ ያልሽው ተከራይ እሱ ነው እህቴ፤ የልብስ ማስጫ ገመዱን የሚጠብቀው።

ሁለተኛው ይብሳል። ቀያሹ ወንድሜ ሰንሰለቱን ዘረጋልን፤ መሬቱ የማን ነበር? ሻውኒ፣ ማያሚ፣ ደላዌር፣ ወያንዶት የሚባሉ ሕዝቦች ይኖሩበት ነበር። ያ የ1787 ድንጋጌ ለአሜሪካ ሕንዶች ምንጊዜም በቅን ልቦና እንሠራለን፣ መሬታቸውም ያለ ፈቃዳቸው አይወሰድም ይላል። እዚያው ወረቀት ላይ መሬቱን ለስቴቶች አከፋፍሎታል። እኔ ይህን ሳነብ ሳቄ መጣ።

ሕዝቦቹ ግን ወረቀቱን ቁጭ ብለው አልጠበቁም። በ1791 የማያሚው ትንሹ ኤሊና የሻውኒው ሰማያዊ ካፖርት የገዢውን የሴንት ክሌርን ጦር በአንድ ማለዳ ደመሰሱት። ከ600 በላይ ወታደር ሞተ። የአሜሪካ ጦር በሕንዶች እጅ ከደረሰበት ሽንፈት ሁሉ ትልቁ ነው። ኮንግረስ የመንግሥትን ሥራ ለመጀመሪያ ጊዜ የመረመረው በዚህ ምክንያት ነው። መቼም ፈተናው ላይ የለም። ከሦስት ዓመት በኋላ ሌላ ጦር መጥቶ አሸነፋቸው፤ በ1795 በግሪንቪል ውል የኦሃዮን አብዛኛውን መሬት ለቀቁ። ሉዊዚያናም ላይ የተገዛው መሬቱ አልነበረም። ናፖሊዮን የሸጠው እዚያ ከሚኖሩት ሕዝቦች መሬቱን ከሌላ አገር ቀድሞ የመግዛት መብት ነው። አንድ ጊዜ በፓሪስ ተከፈለ። ከዚያ ለየሕዝቡ በውል፣ በግፊት፣ በጦርነት እየተባለ ለብዙ ዓመታት እንደገና ተከፈለ።

ጡረተኛው መምህር፦

እርማቱን ተቀብያለሁ። ስለ ሞሪስ ልክ ነህ።

ቀያሹ፦

እኔም የመሬቱን ባለቤት አልረሳሁም፤ ስለ ልኬት ብቻ ላውራ ብዬ ነው። ግን ወንድሜ እውነት አለው። ቀያሾቹ በ1785 ሥራ ሲጀምሩ ሕንዶቹን ፈርተው ቶሎ ቶሎ ይመለሱ ነበር። ሰንሰለት ይዞ የሚመጣ ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ ገብቷቸዋል።

የኦሃዮዋ፦

እኔ ኮሎምበስ ነው የምኖረው። ሦስት ልጆች እዚህ ወልጃለሁ። አንዱ ልጄ ለትምህርት ቤት ስለ ስቴታችን ጻፊልኝ ብሎኝ ነው ይህን ታሪክ ያወቅኩት።

ኦሃዮ በ1803 ስቴት ስትሆን 60 ሺህ ሰው አልሞላችም። በ1800 ቆጠራ ወደ 45 ሺህ ነበሩ። የጀፈርሰን ፓርቲ ድምፅ ስለፈለገ ፈጠን አደረጉት። የፓርቲ ነገር ያኔም ያው ነው። በ1802 ቺሊኮቲ ላይ ተሰብስበው ሕገ መንግሥት ጻፉ። በገዢው በሴንት ክሌር በጣም ተማረው ስለነበር፣ ያው ጦሩ የተደመሰሰበት ሰውዬ ነው፣ የስቴቱ ገዢ ሕግ የመሻር ሥልጣን እንዳይኖረው አደረጉ። ከመቶ ዓመት በላይ እንደዚያው ቆየ።

ድምፅ መስጠት ላይ ነው ጉዱ። በ1787 ድንጋጌ ለመምረጥ 50 ኤከር መሬት ሊኖርህ ይገባ ነበር። እነሱ መሬቱን ተዉት። ግብር የከፈለ ወይም መንገድ ሥራ ላይ የተሰማራ ነጭ ወንድ ሁሉ ይምረጥ አሉ። ጥቁሩስ? እዚያ የሚኖሩ ጥቁር ወንዶች ይምረጡ የሚለው ሐሳብ መጀመሪያ አልፎ ነበር። እንደገና ድምፅ ሲሰጥበት እኩል ለእኩል ሆነ። ሰብሳቢው ኤድዋርድ ቲፊን ድምፁን ወደ እምቢታው ጣለ። አንድ ሰው!

ከዚያ በ1804 ጥቁር ሰው ኦሃዮ ሊኖር ከፈለገ ነፃ መሆኑን የሚመሰክር የፍርድ ቤት ወረቀት ያምጣ አሉ። በ1807 ደግሞ በ20 ቀን ውስጥ ሁለት ዋሶች ጠርቶ በ500 ዶላር ይፈርም። ባርነት በተከለከለበት ስቴት! እኔ ስመጣ ስፖንሰር ለማግኘት ስንት እንደተንከራተትኩ አስታውሼ አለቀስኩ። ልጄ «እማዬ ይህንንም ልጻፈው?» አለኝ። ጻፈው አልኩት።

ፈተና ደረሰ፦

እህቴ አንጀቴን በላሽው። እና የልጅሽ አስተማሪ ምን አለች?

የኦሃዮዋ፦

አልሰማሁም ነበር አለች። ኮከብ ለጠፈችለት።

ጡረተኛው መምህር፦

የኦሃዮዋ ልጄ ነገሩን አገኘችው። ምዕራቡ የአሜሪካን ፖለቲካ የለወጠው በዚህ በር ነው።

በምሥራቅ ያሉት ነባር ስቴቶች ለመምረጥ ንብረት ይጠይቁ ነበር። መሬት የሌለው ሰው በሌላ ሰው እጅ ነው፣ ድምፁም የጌታው ነው ብለው ነው። ምዕራብ ላይ ግን ሰው ይፈለጋል። ኬንታኪ በ1792፣ ቴነሲ በ1796፣ ከዚያ ኢንዲያና፣ ኢሊኖይ፣ አላባማ እየተከታተሉ ሲገቡ መሥፈርቱን እየጣሉ ገቡ። ሰው ወደዚያ እንዲሄድ አንዱ ማባበያ ድምፅ ነው። ኦሃዮ በ1800 ከነበራት 45 ሺህ ተነስታ በ1820 ወደ 581 ሺህ ሆነች። ኒው ዮርክና ማሳቹሴትስ ልጆቻቸው ሲሄዱባቸው ዝም ብለው አላዩም። ኮኔቲከት በ1818፣ ማሳቹሴትስ በ1820፣ ኒው ዮርክ በ1821 ሕጋቸውን ከለሱ። ምክንያቱ ምዕራቡ ብቻ ነበር አልልም፤ ከተሞቹ ውስጥ የሚጮህ ሠራተኛም ነበረ።

ግን ኒው ዮርክን አጥብቀሽ ተመልከቺ። ለነጩ የንብረት መሥፈርቱን አነሱ። ለጥቁሩ 250 ዶላር የሚያወጣ ንብረት አስቀሩበት። ኬንታኪ መጀመሪያ ለነፃ ወንዶች ሁሉ ሰጥታ በ1799 ጥቁሩንና ሕንዱን አወጣች። ቴነሲም ነፃ ጥቁሮች ይመርጡባት ነበር፤ በ1834 ዘጋች። ኒው ጀርሲ ንብረት ያላቸው ሴቶች ሳይቀሩ ይመርጡ ነበር፤ በ1807 ሴቱንም ጥቁሩንም አስወጥታ ለነጭ ወንድ ብቻ አደረገችው። ንብረት በወጣበት በር ቀለም ገባ። ለሰላሳ ዓመት ክፍል ውስጥ «የዴሞክራሲ መስፋት» እያልኩ አስተምሬዋለሁ። አሁን ባስተምር እንዲያ ብዬ ብቻ አላልፈውም ነበር።

አትላንታ ሰፈሬ፦

ዘግይቼ ነው የገባሁት። ሎተሪ ያነሳ የለም? እኛ ሁላችን በዲቪ የመጣን ሰዎች እያለን!

ጆርጂያ የመሬት ሎተሪ ነበራት። ከ1805 ጀምሮ። ክሪክና ቸሮኪ ከሚባሉት የሕንድ ሕዝቦች በውል የተወሰደውን መሬት ቆራርጠው በዕጣ ያድሉታል። ስምህን ታስመዘግባለህ፣ ትኬትህ ከበርሜል ይወጣል፣ አንዱ ባዶ ይደርሰዋል፣ አንዱ እርሻ። ነጭ መሆን አለብህ እንግዲህ። አሁን እኛ እንጀራ የምንሸጥበት አትላንታ ያለችበት አገር ክሪኮች በ1821 እንዲለቁ ተደርጎ በዕጣ የተከፋፈለ ነው። በ1832 ደግሞ የቸሮኪዎችን መሬት፣ ገና ሰዎቹ እየኖሩበት፣ ዕጣ አወጡበት። ወርቅ ያለበትን በ40 ኤከር፣ ሌላውን በ160 ኤከር። የቸሮኪዎቹ መሪ ጆን ሮስ በ1835 ከዋሽንግተን ጉዳይ ጨርሶ ወደ ቤቱ ሲመለስ ዕጣ የደረሰው ሰው ገብቶበት አገኘው።

ቸሮኪዎች ደግሞ «አልሠለጠኑም» የሚባሉ አልነበሩም። ሴኮያ የሚባል ሰው፣ እንግሊዝኛ ማንበብ የማይችል፣ በ1821 ገደማ ለቋንቋቸው ፊደል ሠራ። እንደኛ ፊደል እያንዳንዷ ምልክት አንድ ሙሉ ድምፅ ናት፤ ወደ 85 ናቸው። ሕዝቡ በጥቂት ዓመት ውስጥ ማንበብ ቻለ። በ1827 ሕገ መንግሥት ጻፉ። በ1828 ጋዜጣ አወጡ። ሀ ሁ የቆጠረ ሰው ይህን ሲሰማ ልቡ ይነካል፣ እኔስ ተነክቻለሁ።

ተቃዋሚ በተፈጥሮዬ፦

በ1832 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም ፈርዶላቸዋል። ዳኛ ማርሻል የጆርጂያ ሕግ ቸሮኪ ምድር ላይ አይሠራም አለ። ምን ዋጋ አለው። በ1838 ወታደር መጥቶ ሰብስቦ ወሰዳቸው። 16 ሺህ ያህል ሰው ወደ ኦክላሆማ ተነዳ። ወደ 4 ሺህ የሚሆኑት አለቁ ተብሎ ይገመታል።

ፈተና ደረሰ፦

ይህን ያደረገው ጃክሰን ነው አይደል? 20 ዶላር ላይ ያለው?

ባለ 18 ጎማ፦

ሕንዶቹን ከመሬታቸው የሚያስነሳውን ሕግ የፈረመው እሱ ነው፣ በ1830። ሰዎቹ ሲነዱ ግን ቫን ቢዩረን ተተክቷል። አንድሩ ጃክሰን ከተራራው ማዶ የመጣ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ነው፤ የቴነሲ ሰው። ከሱ በፊት የነበሩት ስድስቱም ከቨርጂኒያ ወይም ከማሳቹሴትስ ናቸው።

በ1824 ሲወዳደር በድምፅ መሪ ነበር። ፕሬዚዳንቱን የሚመርጡት የስቴቶቹ ወኪሎች ከሰጡት ድምፅ 99 አገኘ፣ አዳምስ 84፣ ክሮፎርድ 41፣ ክሌይ 37። 131 ስላልሞላ ጉዳዩ ወደ ተወካዮች ምክር ቤት ሄደ። ክሌይ አዳምስን ደገፈ። አዳምስ ፕሬዚዳንት ሆነ፤ ክሌይን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር አደረገው። የጃክሰን ሰዎች ሌብነት ነው ብለው አራት ዓመት ሙሉ ጮኹ። በ1824 ወደ 360 ሺህ ሰው ነበር ድምፅ የሰጠው። በ1828 ከ1 ሚሊዮን 100 ሺህ በላይ ወጣ። ጃክሰን በወኪሎቹ ድምፅ 178 ለ83 አሸነፈ። ለመምረጥ መሬት የማይጠየቀው ያ ሁሉ ሰው ነው ያመጣው።

ተቃዋሚ በተፈጥሮዬ፦

ያ ሁሉ ሰው ደግሞ የሚፈልገው መሬት ነው። ድምፁን የሰጠው ለመሬት ነው፣ መሬቱን ያገኘው በድምፁ ነው። ክርክሩ እዚህ ላይ ያልቃል ለኔ።

ባለ 18 ጎማ፦

አያልቅም። ዴቪ ክሮኬት የቴነሲ ሰው ነው፣ ድሃ፣ አዳኝ፣ የጫካ ሰው። ያንን ሕግ ተቃውሞ ድምፅ ሰጠ። ሕጉ በተወካዮች ምክር ቤት ያለፈው 102 ለ97 ነው። አምስት ድምፅ! ሁሉም እንደዚያ ነበር አትበል።

ተቃዋሚ በተፈጥሮዬ፦

ክሮኬትም በሚቀጥለው ምርጫ ወደቀ።

ቀያሹ፦

😂 ይህንንስ ማን ይመልሳል።

ግን መሬቱም ለድሃው ቀላል አልነበረም፤ ይህን ልጨምር። በ1785 ሕግ ትንሹ የሚሸጠው 640 ኤከር ነው፣ በጥሬው 640 ዶላር። የትኛው ድሃ አለው? በ1800 ወደ 320 ኤከር አወረዱት፤ ዋጋው በኤከር 2 ዶላር፣ ሩቡን ከፍለህ ቀሪውን በአራት ዓመት። ያገሬ ሰው ዱቤ ሲሰማ እንደሚያደርገው ሁሉም ገባበት። በ1819 ገበያው ሲወድቅ ለመንግሥት ያልተከፈለ የመሬት ዕዳ ከ20 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሆኖ ተገኘ። በ1820 ዱቤ ቀረ፤ ትንሹ 80 ኤከር፣ አንዱ ኤከር በ1 ዶላር ከ25 ሳንቲም። መቶ ዶላር በእጅህ ካለ ገበሬ ነህ። 80 ኤከር ከአንድ ጋሻ ትንሽ ያንሳል። መቶ ዶላር የሌለው ደግሞ ዝም ብሎ ሰፈረ። የጨረቃ ቤት የኛ ፈጠራ እንዳይመስላችሁ።

ጡረተኛው መምህር፦

አንድ ነገር ሳልል ብተኛ እንቅልፍ አይወስደኝም። «ወደ ምዕራብ የሄዱት» ስንል የሠረገላው ሰው ብቻ ይታየናል። ጃክሰን በ1814 ክሪኮችን ካሸነፈ በኋላ ከ20 ሚሊዮን ኤከር በላይ አስፈረማቸው። ከሱ ጎን ተሰልፈው የተዋጉትን ክሪኮች መሬት ጭምር። ያ መሬት የጥጥ አገር ሆነ፣ አላባማ ሆነ። እዚያ ጥጥ የሚለቅመው ሰው ከቨርጂኒያና ከሜሪላንድ ተሸጦ፣ በሰንሰለት ታስሮ፣ በእግሩ የሄደ ነው። እስከ 1860 ድረስ ወደ 1 ሚሊዮን ሰው እንደተወሰደ ይገመታል። ቀያሹ ልጄ ስለ ሰንሰለት ሲያወራ ይሄኛው ትዝ ብሎኝ ነው።

ለዚህም ነው በ1819 ሚዙሪ ስቴት ልሁን ስትል አገሩ የተናወጠው። ባርነት ያለባቸው 11፣ የሌለባቸው 11 ነበሩ። ማን ይጉደል? በ1820 ሜይንን ነፃ፣ ሚዙሪን ባሪያ ያዥ አድርገው አስታረቁት፤ ከሉዊዚያና በቀረው መሬት ላይ ደግሞ ባርነት የሚፈቀድበትንና የሚከለከልበትን የሚለይ መሥመር በ36 ዲግሪ ከ30 ደቂቃ አሰመሩ። ያን አገር የገዛው ጀፈርሰን ያኔ ሽማግሌ ሆኖ ቤቱ ተቀምጧል። ነገሩ በሌሊት እንደተደወለ የእሳት ደወል አስደነገጠኝ ብሎ ጻፈ። ቀያሾች በቼዝ ሰሌዳው ላይ ያሰመሩት መሥመር የአንድን ማሳ ወሰን ነው። ይሄኛው ግን አገር የሚከፍል ነበር።

ፈተና ደረሰ፦

ጋሼ ይደሩ። ሐሙስ ፈተናዬ ነው፣ ጸሎት አትርሱ።

ፈተና ደረሰ፦

ወገኖች አለፍኩ!! ሉዊዚያናን ሰውዬው አልጠየቀኝም። ያንን ሁሉ አጥንቼ! አንድ የአሜሪካ ሕንዶች ነገድ ጥሪ አለኝ። ቸሮኪ ሊል የጠበቀ ይመስለኛል። «ሻውኒ» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝና ጻፈ።

የኦሃዮዋ፦

እልልልል! ቡናው የት ነው?

ጡረተኛው መምህር፦

እንኳን ደስ ያለሽ ልጄ።

ባለ 18 ጎማ፦

እንኳን ደስ አለሽ እህቴ። እኔም ዜና አለኝ። ትናንት ፔንሲልቬኒያ ጭነት አራግፌ ስመለስ ኢስት ሊቨርፑል አካባቢ ቆምኩ፤ በኦሃዮ ወንዝ ዳር፣ ልክ ኦሃዮና ፔንሲልቬኒያ የሚዋሰኑበት። ቀያሹ የሚያወራለት ልኬት የጀመረው እዚያ ነው። መንገድ ዳር የድንጋይ ሐውልት አለ። ትክክለኛዋ ነጥብ ከድንጋዩ 1112 ጫማ ወደ ደቡብ ናት ይላል ጽሑፉ። ወደ ደቡብ ስመለከት ወንዝ ብቻ ነው። ውኃው ውጦታል።

ቀያሹ፦

ፎቶ! ፎቶ አንሳልኝ በናትህ።

ባለ 18 ጎማ፦

አንስቻለሁ፤ እዚህ አልጫን አለኝ። ዋይፋይ ያለበት ስደርስ ማታ እሞክራለሁ።